የጭቃ ምድጃን ከኸሪፍ ዝናብና ከጥቁር አፈር እንዴት እንጠብቅ?

ይህ ጽሑፍ በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ ባሉ ካምፖች ለምንኖር ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጉዳዩ ከቤት ውጭ ያለ የእንጨት ምድጃ በኸሪፍ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ምድጃው ሲፈርስ ወደ ሦስት ጉልቻ እንመለሳለን። ሦስት ጉልቻ ደግሞ ማገዶ ይፈጃል። ማገዶ ሲያልቅ አንድ ሰው ወደ ጫካ መውጣት አለበት፤ ያ ሰው ባብዛኛው እናት ወይም ልጅ ነው።

እኔ በካምፕ የማስተምር መምህር ነኝ እንጂ ግንበኛ አይደለሁም። ነገር ግን ዝናብ ሲጀምር ከክፍል የቀሩ ልጆችን «የት ነበራችሁ?» ስላቸው ደጋግሜ የምሰማው መልስ «እንጨት ለቀማ» የሚል ነው። ስለዚህ እናቶች ምድጃ ሲሠሩ አይቼ፣ አብሬያቸውም ጭቃ ረግጬ፣ በትምህርት ቤት ከተማርኩት ሳይንስ ጋር አያይዤ ይህን ጻፍኩ።

ምድጃው ለምን ይፈርሳል?

ብዙ ሰው «ዝናብ መታው» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚመጣው ከታች፣ ከአፈሩ ነው።

የገዳሪፍ ሜዳ በእኛ አገር ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ከዚህ አፈር ከግማሽ በላዩ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ መሬቱ የልጅ እግር እስከሚያስገባ ድረስ ተሰንጥቆ የምናየው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ስንጥቁ ይዘጋና መሬቱ ወደ ላይ ይነሳል። የሚነሳው ግን እኩል አይደለም። ውሃ የቆመበት ጎን ብዙ ያብጣል፣ ደረቁ ጎን ትንሽ። በላዩ ያለው ምድጃ አንዱ እግሩ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላልና ከመሃል ይሰነጠቃል።

በገዳሪፍ ከተማ አካባቢ በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ወደ ጋላባትና መተማ ስትጠጉ ደግሞ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚወርደው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ጠንካራ የመሰለን ምድጃ በሐምሌ ጭቃ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ።

የቀዝቃዛ አገር ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

ወደ ካናዳ ወይም ወደ ሰሜን አሜሪካ የሄዱ ዘመዶች ያሏችሁ ስለ በረዶው ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ገጠር ውስጥ አንዳንድ ሰው ከቤቱ ውጭ ትልቅ የእንጨት ምድጃ ያቆማል። ምድጃው ውሃ ያሞቃል፣ ሙቁ ውሃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ገብቶ ቤቱን ያሞቃል። እሳቱ ከጠፋ ወይም መብራት ሄዶ ፓምፑ ከቆመ ውሃው ይበርዳል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ በረዶ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብረት ቢሆን እንኳ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል።

እነሱ ታዲያ ብርዱ እስኪመጣ አይጠብቁም። ቧንቧውን ብርዱ ከማይደርስበት ጥልቀት በታች ይቀብራሉ፣ ሙቀት በሚይዝ ነገር ይጠቀልላሉ፣ ውሃው ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ለረጅም ጊዜ ከቤት የሚርቁ ከሆነ ደግሞ ውሃውን አፍስሰው ባዶውን ይተዉታል።

እኛ ጋ በረዶ የለም። ጠላታችን ግን ያው ውሃ ነው። እዚያ በረዶ ሆኖ ይሰፋና ቧንቧ ይሰብራል፣ እዚህ ሸክላ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠውና ምድጃ ይሰብራል። መፍትሔውም ተመሳሳይ ነው፦ ወቅቱ ሳይመጣ ውሃው የማይደርስበት ነገር መሥራት።

ቦታና መሠረት

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ባለፈው ኸሪፍ ውሃ የቆመበትን ቦታ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ ራቁ። ትንሽም ብትሆን ከፍ ያለችውን ቦታ ውሰዱ። ከሣር ቤትና ከድንኳን ቦታ እስካለ ድረስ ቢያንስ አምስት ስድስት ሜትር ይራቅ።

ብዙ ሰው ለምድጃ መሠረት ጉድጓድ ይቆፍርና ጠጠር ይሞላል። በሌላ አፈር ጥሩ ነው፤ በጥቁር አፈር ግን አይመከርም። ሸክላው ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ሆኖ ውሃ ይይዛል፣ ምድጃው ከታች ይረጥባል። የሚሻለው ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። አሸዋ ወይም ጠጠር የተሞሉ ጆንያዎችን ጎን ለጎን አስተኙ፣ ወይም የተሰባበረ ጡብና ድንጋይ ደርድሩ። ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን። ስፋቱ ከምድጃው በሁሉም ጎን አንድ ክንድ ያህል ይትረፍ። ጆንያ በፀሐይ ይበጣጠሳልና በጭቃ ልሰኑት።

ከዚያ በመደቡ ዙሪያ ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወስድ ቦይ ቅደዱ። ቦዩ ከምድጃው እግር ስር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይሁን። ወደ ጎረቤት ደጅ እንዳይፈስም አስቡ፣ የካምፕ ጠብ ባብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ጭቃው

ጥቁር አፈር ብቻውን ለምድጃ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የምስጥ ኩይሳ አፈር ካገኛችሁ ከእሱ የተሻለ የለም። ካጣችሁ ጥቁሩን አፈር በአሸዋ አለስልሱት፣ የተከተፈ ጭድና ደረቅ የአህያ ፋንድያ ወይም እበት ጨምሩበት። ጭዱ እንደ ክር ይይዘዋል፣ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያደርጋል።

ስንት ለስንት ይቀላቀላል? አፈሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ፈትኑት። ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው ፈተና ቀላል ነው። ሦስት ትንንሽ ጡቦች አብጁ። አንደኛው አንድ ቆርቆሮ አፈር ለአንድ ቆርቆሮ አሸዋ፣ ሁለተኛው አንድ ለሁለት፣ ሦስተኛው አንድ ለሦስት ይሁን። በጥላ አድርቋቸው። የተሰነጠቀው ሸክላው በዝቶበታል፣ በጣት ሲነካ የሚረግፈው አሸዋው በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅ ጠንክሮ የቀረውን ምረጡ።

ጭቃውን አቡክታችሁ ወዲያው አትሥሩበት። ሁለት ሦስት ቀን እየረጠበ ይደር፣ በየቀኑም ይረገጥ። ሱዳኖች የጃሉስ ግድግዳቸውን ከኸሪፍ በፊት ዚባላ በሚሉት ልስን ይቀቡታል። ዚባላ የከብት ወይም የአህያ ፋንድያ፣ ጭድና ጭቃ ተደባልቆ ለቀናት ከረመ በኋላ የሚለሰን ነው። ዝናብን ለዘመናት የቻለ ዘዴ ነውና ለምድጃው የውጭ ጎን እንጠቀምበት። የአገሬውን እናቶች ብትጠይቁ በደስታ ያሳዩአችኋል።

ቅርፁ

የምድጃው ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል፣ ማለትም ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍር። በድስቱና በግድግዳው መካከል የአንድ ጣት ስፋት ብቻ ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ ይሄዳል፣ ከጠበበ ደግሞ ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ፊታችሁ ይመለሳል። የእንጨት ማስገቢያው ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ አፍ ብዙ እንጨት ይጋብዛል።

አፉ ወዴት ይዙር? በበጋ ነፋሱ ባብዛኛው ከሰሜን ይመጣል፣ በኸሪፍ ከደቡብ ምዕራብ። ማዕበል ሲነሳ ግን ከየትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አፉ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብ ምዕራብም ባያይ ጥሩ ነው። እናንተ ባላችሁበት ቦታ ነፋሱ ቤት ወይም አጥር ዞሮ የሚመጣ ከሆነ የእናንተን ዓይን እመኑ።

ለእንጀራ ምጣድ የሚሆን ምድጃም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ተገጣጣሚና ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይነገርለታል። ሲሚንቶ እዚህ ለእኛ ውድ ነው። ግን ዋናውን ሐሳብ፣ ማለትም እሳቱን ዙሪያውን መዝጋቱን፣ በጭቃም መሥራት ይቻላል።

ቦታ የሌላችሁ ወይም ካምፕ ልትቀይሩ የምትችሉ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ምድጃ ሥሩ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ (ሰፊሃ) ወስዳችሁ ከጎኑ የእንጨት ማስገቢያ ቁረጡ፣ ውስጡን ሦስት አራት ጣት በሚወፍር ጭቃ መርጉ። ለሻይና ለትንሽ ድስት ይበቃል። ደመና ሲመጣ ተሸክሞ መግባት ነው። የተቆረጠው ቆርቆሮ ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ቀጥቅጡት።

ማድረቅ

ምድጃው በጥላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚያ ለጥቂት ቀናት በጭራሮ ብቻ ትንሽ እሳት እያነደዳችሁ አለማምዱት። ይህን ሁሉ ስትደምሩ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። ዝናቡ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ስለሚጀምር ሥራው በሚያዝያ መጀመር አለበት ማለት ነው።

ጣሪያ

ኡም ራኩባ የሚለው ስም ራሱ ከዳስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ራኩባ በሱዳኖች አነጋገር ጎኑ ክፍት የሆነ የሣር ዳስ ነው። ለምድጃም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ከላይ የተከደነ፣ ከጎን አየር የሚያስገባ። ግን ሣር በእሳት ላይ አደገኛ ነው። ጣሪያው ከሰው ቁመት በላይ፣ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ይሁን። ከእሳቱ በላይ ባለው ቦታ ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ አድርጉ። የፕላስቲክ ሸራ ከእሳት በላይ አታድርጉ፤ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ ውሃው ከመደቡ ውጭ ይውረድ። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት መግቢያ ላይ በቱናይድባህ ማዕበል ብዙ ድንኳን እንደገነጣጠለ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ምሰሶውን በደንብ ቅበሩ፣ በገመድም እሰሩ።

ማታ ሥራ ስትጨርሱ አመዱን ጠርጋችሁ አውጡ። አመድ እርጥበት ይስባል። የምድጃውን አፍና የድስቱን ቦታ በአሮጌ ቆርቆሮ ወይም በተሰበረ ምጣድ ክደኑ። የጋለ ምጣድ ላይ የዝናብ ጠብታ እንዳያርፍም ተጠንቀቁ፤ ሸክላ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አክንባሎው ቅርብ ይሁን።

ምድጃው ከረጠበ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ምድጃው ሲረጥብ «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ ትልቅ እሳት ያነዳል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ሲፈላ መውጫ ያጣና ጭቃውን እየገነጠለ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ነፋስ ይምታው፣ ቀጥሎ ትንሽ የጭራሮ እሳት አድርጉ፣ ከግድግዳው የሚወጣው እንፋሎት ሲቆም እሳቱን ጨምሩ። ስንጥቅ ካለ አካባቢውን በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ በዚያው ድብልቅ ድፈኑት። ደረቅ ላይ የተለጠፈ ጭቃ አይዝም።

ማገዶውም ይድረቅ

ምድጃው ደርቆ እንጨቱ ከረጠበ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለተማሪዎቼ የማሰላላቸውን ላሳያችሁ። አንድ ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ የሚፈልገውን ሙቀት «አንድ» እንበለው። ያንኑ የፈላ ውሃ ሁሉንም ወደ እንፋሎት ለውጦ ለመጨረስ ሰባት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ ማለት በእንጨታችሁ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ካለ፣ ሰባት ሊትር የመጠጥ ውሃ ሊያፈላ የሚችለው ሙቀት በጭስ መልክ ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው እርጥብ እንጨት ዓይን የሚያስለቅሰው ግን ድስት የማያፈላው።

እንጨቱን ፍለጡት፤ የተፈለጠ ቶሎ ይደርቃል። በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት፣ ላዩን ሸፍኑ፣ ጎኑን ክፍት ተዉ። የሁለት ሦስት ቀን ማገዶ ከአንገረቡ ስር ይግባ። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፦ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ የታፈነ።

ማገዶ መቆጠብም ይቻላል። ክክና ምስር ከማታ ዘፍዝፉ። ድስት ሁልጊዜ ይከደን። ወጡ ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዳችሁ በብርድ ልብስ ወይም ጭድ በሞላ ዘንቢል ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ለምን ይህን ያህል እንለፋለን?

አንደኛ፣ ለደኅንነት ነው። ለማገዶ ርቀው የሄዱ ሴቶች ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል፣ የለቀሙትን ተነጥቀዋል። መውጣት ግድ ከሆነ በቡድን፣ በቀን፣ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ውጡ። ጉዳት የደረሰባት ሴት ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከአገሬው ሰው ጋር በሰላም ለመኖር ነው። ሃሻብ የሚሉት ግራር የሙጫ ዛፍ ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ ሙጫ እየሰበሰበ ይሸጠዋል፣ እሱን መቁረጥ የሰው እርሻ ማጨድ ነው። ከመኸር በኋላ ሜዳ ላይ የሚቀረው የማሽላና የሰሊጥ አገዳም ባለቤት አለው፤ ለከብት መኖ ይፈልገዋል። ጠይቃችሁ ውሰዱ። ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ወዲህ ከካርቱምና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ገዳሪፍ ገብተዋል። ለአንዱ ጫካ ብዙ ሆነናል።

ሦስተኛ፣ ለጤና ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 የኮሌራ ወረርሽኝ መታወጁ የተሰማው ከዚሁ ከገዳሪፍ ነበር። ክሎሪን ሲጠፋ የቀረን መንገድ ማፍላት ነው። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፣ አፉ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ጀሪካን ይቀመጥ። ውሃ የሚፈላው ግን ምድጃና ደረቅ ማገዶ ሲኖር ነው። ኮሌራ ደግሞ የሚበረታው በኸሪፍ፣ ምድጃ በሚፈርስበት ሰሞን ነው።

ዝናብ ሲበረታ ከሰል ይዞ ቤት መግባት

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ምድጃው ሲፈርስ ሰው ካኑን ይዞ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ጎጆ ይገባል፣ በሩንም ይዘጋል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምርና እንቅልፍ የመሰለ ነገር ይወስዳል። ተኝቶ የማይነሳ አለ። ካኑን ቤት ውስጥ አታሳድሩ። አንድ ሰው እንዲህ ከሆነ ቶሎ ወደ ውጭ አየር አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወር በወር

መጋቢት፦ ቦታ ምረጡ፣ አሸዋ፣ ጭድና ፋንድያ ሰብስቡ፣ ሦስቱን ጡብ ፈትኑ።
ሚያዝያ፦ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ምድጃውን ሥሩ፣ በጥላ አድርቁ።
ግንቦት፦ በትንሽ እሳት አለማምዱ፣ ዚባላ ልሰኑ፣ ጣሪያና ቦይ ጨርሱ፣ ደረቅ ማገዶ አከማቹ።
ከሰኔ እስከ መስከረም፦ በየማታው አመድ ጥረጉ፣ ክደኑ፣ ቦዩን አጽዱ፣ ስንጥቅ ሲታይ ዕለቱን ድፈኑ።
ጥቅምትና ኅዳር፦ መሬቱ ሲደርቅ እንደገና ይኮማተራልና መደቡን መርምሩ፣ የተጎዳውን አድሱ።

አቅመ ደካማ ጎረቤት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ካለች የእሷን ምድጃ ቀድማችሁ ሥሩላት። ጭቃ ለመርገጥ አራት ሰው ከተባበረ ግማሽ ቀን ይበቃል። አንድ ምድጃ ኸሪፉን ከተሻገረ፣ በዚያ ቤት ያለች ልጅ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከእንጨት ለቀማ ቀርታ ክፍል ውስጥ ልትቀመጥ ትችላለች።